የቃሬዛው ደብተር

ለምወድህ ወንድሜ ለነገሳ፣

እንደምን ከርመሃል? የጎዴ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህን የሚያምህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ሩታስ፣ ትንሹ ኪያስ ደህና ናቸው? እኔና እማዬ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የጎደለን የአንተ ዓይን ብቻ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ወሬ ደስታም ነው፣ በቀልም ነው።

አምና አባዬ ሲታመም አምቡላንሱ ዳገታችንን መውጣት አቅቶት፣ ጎረቤቶች በብርድ ልብስ ሲያወርዱት እንደወደቀብን አትረሳውም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ብቻ ነው የቆየልን። የኮሌጅ መመረቂያ ሥራዬን ለቁልቁለት የሚሆን ቃሬዛ ያደረግኩት በዚያ ምክንያት ነው። ንድፎቹን በሥራ ማሳያ ጥራዝ (ፖርትፎሊዮ) አሰናድቼ፣ አብሮኝ ለሚማረው ለከበበ እንዲያሳትምልኝ ሰጠሁት፤ አጎቱ መገናኛ አካባቢ ማተሚያ ቤት አለው። ከእማዬ እጅ ስንት ቀን የበላ ልጅ ነው። እሱ ግን ስሜን ፍቆ የራሱን ጽፎ ቀድሞኝ አስረከበ። የእኔን ሳቀርብ ገልብጣለች ተባልኩ። መምህራኑ ነገሩን ሰኞ ሊያዩት ቀጠሩን።

ከበበ የሥራ ደብተሬን አያውቀውም ነበር። ጠርዙ የተላላጠው ያ ደብተር የሰባት ወር ስህተቴን ከነቀኑ ይዟል፤ የተሰበረውን እንጨት ፎቶ፣ የጎረቤታችንን የአቶ ዱሬሳን የትከሻ ቁመት፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ ጭነን ስናወርድ የተንሸራተተብንን ቦታ ሳይቀር። ያኔውኑ ባሳየው ነገሩ ቢሮ ውስጥ ያልቅ ነበር። አላሳየሁም። ሰው ፊት እንዲዋረድ ፈለግኩ። ዓርብ ቤት ድረስ መጥቶ አብረን ሠራን እንበል ብሎ ሲለምነኝ፣ ሻይ አቀረብኩለትና ሰኞ እንነጋገራለን፣ አባትህም ቢገኙ ጥሩ ነው አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ።

ሰኞ አዳራሹ በተማሪ ሞልቷል። መምህርት ሒሩት እንድጠይቀው ፈቀዱልኝ።

«የፊቱ እጀታ ለምን ወደ ታች ታጠፈ?» አልኩት።

«ለውበት ነው» አለ።

ደብተሬን አወጣሁ። ቁልቁለት ላይ የፊተኛው ተሸካሚ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም፣ እጀታው ካልታጠፈ በሽተኛው ወደ ፊት ይንሸራተታል። አባዬም የወደቀው እንዲያ ነው። ገጹን ከነቀኑ አነበብኩላቸው። መምህርት ሒሩት ደብተሩን እስከ መጨረሻው ካገላበጡ በኋላ፣ «ያማረ ሥዕል ብዙ አይቻለሁ፤ የተሳሳተውን ሳይደብቅ፣ ምን አይቶ እንዳረመው የጻፈ ተማሪ ግን ብዙ አላጋጠመኝም» ብለው ከፍተኛውን ነጥብ ሰጡኝ። ከበበ ለአንድ ዓመት ታገደ። አባቱ ኮፍያቸውን አውልቀው እኔን ይቅርታ ጠየቁኝና ልጃቸውን ዞር ብለው ሳያዩ ወጡ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እማዬ ግን ስነግራት ፊቷ አልተፈታም። «ልጁስ የእጁን አገኘ፤ አባትየውን ለምን አስጠራሽ?» አለችኝ። አሁን ሽማግሌዎቻቸው በራችን ላይ እየተመላለሱ ነው። አንተም ይቅር በይው ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ የአባዬን ቃሬዛ በሰረቀኝ ሰው ላይ ገና አልበረደልኝም። ለአባቱ ግን ምን ብዬ እንደምጽፍላቸው ምከረኝ።

ሩታን አቅፈህ ሳምልኝ፤ የኪያንም ጉንጭ እንዲሁ። እማዬ ምርቃቷን ልካልሃለች። አቶ ዱሬሳም ከነቤተሰባቸው ሰላም ብለውሃል።

እህትህ ቢፍቱ
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.