የሰይድ መቅኔ በፋጡማ አጥንት

ውድ ዘይነባ፣

ልጅሽ ሰይድ በቁሜ ገደለኝ። አዳማ ላይ ሚስት ሲያጭ የልጅቷ ቤተሰቦች አባትህ የት ናቸው ቢሉት ሞተዋል አላቸው። ሽማግሌ አድርጎ የላከው የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን ነው። እኔ በዚያን ሰዓት እዚሁ መርሳ ብርቱካን ውኃ እያጠጣሁ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ አላሳመርኩትም፣ አላስከፋሁትም።

አንቺ ከተለየሽኝ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ይህ የሆነው ካለፍሽ በኋላ ነውና አታውቂውም። እኔም ለምን እንዲህ እንዳለ አልጠየቅሁትም። ሰው ስንት ልጅ አለህ ሲለኝ አንድ፣ ፋጡማ፣ እያልኩ ኖርኩ። አበጋሮቹ ሊያስታርቁን ቤቴ ድረስ መጡ። አበጋር ደጁ የመጣበት ሰው እምቢ እንደማይል ታውቂያለሽ። እኔ እምቢ አልኩ። ሲወጡ አንደኛው ጫማውን እያጠለቀ፣ “ሰውዬው የግራር ጉቶ ነው፤ መጥረቢያው ይሰበራል እንጂ እሱስ አይነቀልም” ሲል ሰማሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ደስታ ነው። ፋጡማ ድናለች! አሁን ይህን ስጽፍ ጓሮ ሆና ከባሏ ከኡመር ጋር ስትከራከር ይሰማኛል። ድምጿ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። እንዲህ መጮኽ የቻለችበትን መንገድ ከሥሩ ልንገርሽ፤ ግማሽ ወሬ እንደማትወጂ አልረሳሁም።

ካቻምና ድዷ መድማት ጀመረ። ማንም ሳይነካት ክንዷ ይበልዛል። ክፍል ውስጥ ቆማ ማስተማር አቅቷት ተቀምጣ አስተማረች፤ ኋላ መቀመጡም አቃታት። ወልድያ ወሰድናት፣ ከዚያ ደሴ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ። መቅኔዋ ደም መሥራት አቁሟል አሉን። እኔ መቅኔ የሚለውን ስሰማ ልቤ ቀለል አለው። መቅኔ ካነሳትማ መቅኔ ትብላ ብዬ፣ እዚያው ካረፍንበት ቤት በግ አርጄ፣ አጥንቱን በመጥረቢያ ጀርባ እየሰበርኩ ትኩሱን መቅኔ በቅቤ አበላኋት። ሁለተኛም አረድኩ። ልጅቱ መቅኔ እንደማትወድ ታውቂያለሽ፤ እኔን ፈርታ ዋጠችው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የሠራሁትን በኩራት ስነግራት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። “አባቴ፣ ያበሏት ሆዷ ውስጥ ተፈጭቶ ምግብ ሆነ እንጂ አጥንቷ ውስጥ አልገባም። እራቱ ግን ጥሩ እራት ነበር” አለችኝ። እኔም እንግዲያው ከመጀመሪያው አስረጂኝ፣ ሳይገባኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም አልኳት። አልተነሳሁምም። ተረኛው በሽተኛ ደጅ ሆኖ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር።

የገባኝን እነሆ። ሰውነታችን ሕዋስ በሚባሉ ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። አብዛኞቹ ሥራቸው የታወቀ ነው፤ የቆዳው ቆዳ፣ የጡንቻው ጡንቻ ሆኖ ይኖራል፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ አይሆንም። ጥቂቶቹ ግን ገና ሥራ አልተመደበላቸውም። እነዚህን ስቴም ሴል ይሏቸዋል፣ ግንደ ሕዋስ ማለት ነው። አንዱ ለሁለት ሲከፈል እንደ ራሱ ያለውን ይተካል፣ ሌላም ዓይነት ሕዋስ ይወልዳል። በመቅኔ ውስጥ ያሉት የደም ግንዶች ናቸው፤ አየር የሚያመላልሰውን ቀይ፣ በሽታ የሚዋጋውን ነጭ፣ ቁስል ሲደማ የሚደፍነውን ሁሉ የሚወልዱት እነሱ ናቸው። የፋጡማ ግንዶች አልቀው ነበር። ስለዚህ ሰው የሰጣትን ደም ብትወስድ እሱ ሲያልቅ ተመልሳ ትወድቃለች። የሚያስፈልጋት ደም ሳይሆን ደም የሚወልደው ነው።

ይሄማ ማዳቀል ነው አልኳት ለሐኪሟ። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ጣቢያ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አይቼ የለመድኩትን፣ የጣፋጩን ብርቱካን ዓይን ፈልቅቄ በሎሚ ግንድ ላይ የማስረውን ነገርኳት። አንቺ ላስቲኩን ይዘሽልኝ፣ “ይህ ሎሚ ሲያድግ እናቴ የሚለው የትኛዋን ይሆን?” ብለሽ የሳቅሽው ትዝ አለኝና እዚያው ፈገግ አልኩ። ሐኪሟ ግን አይደለም አለች። ሲዳቀል ሥሩ የድሮው ሥር ነው። የፋጡማ ግን የሚቀየረው ሥሩ ነው። የቀረውን የታመመ መቅኔ በመድኃኒት አጽድተው፣ በባዶው መደብ ላይ አዲስ ዘር ይዘራሉ። ልክ ነች። ተሳስቼ ነበር።

ዘሩ ግን ካገኙት ሰው ሁሉ አይወሰድም። ሰውነት ባዕዱን ይለያል፤ የገባው ደግሞ የገባበትን ይወጋል። ከሁሉ የሚቀርበው የአንድ እናትና አባት ልጅ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይገጥምም። ከእኔ ውሰዱ አልኩ። አባት ግማሹን ብቻ ነው የሚገጥመው፣ ዕድሜዎም ገፍቷል አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ “ሌላ ልጅ አለዎት?” አለች።

ፋጡማ አጠገቤ ነበረች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ነበር። ከንፈሯ ነጭ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ለሰው የሰጠሁት መልስ አፌ ላይ ነበር፤ አልወጣም። አለ አልኩ።

የደወልኩት እኔ ነኝ። “እኔ ነኝ። እህትህ ታማለች። ክንድህን ይዘህ ና” አልኩት። “እሺ አባ” አለ። ከአዳማ በዚያው ቀን ደረሰ። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ እሱ በዚያ ጫፍ እኔ በዚህ ጫፍ፣ መሀላችን የፋጡማ ቦርሳ። ለምርመራ ደሙን ሰጠ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ በሩጫ ነው የወጣችው፤ ሙሉ በሙሉ ገጥሟል! ኡመር አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ግን መነጽሬን መጥረግ ነበረብኝ።

ፋጡማ፣ ኡመርና ሰይድ ለሕክምናው ሕንድ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ሐኪሟን ልጁ ሽባ አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የሚወሰደው ከአከርካሪ ሳይሆን ከዳሌ አጥንት ነው፣ ተኝቶ በመርፌ ይሳባል፣ የተወሰደውንም ሰውነቱ ራሱ ይተካዋል አለች። እንዳለችውም ሆነ፤ ሰይድ ጥቂት ቀን ወገቡን ይዞ ሄደ፣ ከዚያ ተወው። የፋጡማ ነገር ነው የሚገርመው። መቅኔውን አጥንቷ ውስጥ አልጨመሩም። እንደ ደም በክንዷ የደም ሥር አንጠባጠቡት፤ ግንደ ሕዋሶቹ ራሳቸው መንገዱን አግኝተው አጥንቷ ውስጥ ገቡ። ማን መራቸው? ይህን የፈጠረ ጌታ ምስጋና ይገባው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ትኩሳት ያዛት፣ አፏ ቆሰለ፤ እኔም ስልኩን ማሳ ድረስ ይዤ እወጣ ነበር። አንድ ጠዋት ኡመር ደውሎ፣ “አባ፣ በቀለ!” አለኝ። አጥንቷ ደም መሥራት ጀምሯል ማለቱ ነው። ማሳው ውስጥ ቆሜ ብቻዬን አላሁ አክበር ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት እሳት ተነሣ ብሎ መጣ።

አሁን የደሟ ዓይነት እንኳ የድሮው አይደለም፣ የሰይድ ሆኗል። ባለጌዋ ልጅሽ ይህን ይዛ፣ “አባዬ፣ ብቆጣ አይፍረዱብኝ፣ ደሙ የሰይድ ነው” ትለኛለች። ክትባቱንም እንደ ሕፃን እንደገና ትወስዳለች።

መርሳ ገበያ አንድ ሰው ስቴም ሴል ነው እያለ ለጉልበት የሚቀባ ቅባት ሲሸጥ አገኘሁት። ሰው ከብቦት ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ይህ ነገር የሚያድነው የታወቀ የደምና የመቅኔ በሽታን ነው፣ ለተቃጠለ ቆዳና ለተጎዳ የዓይን ፊት ሽፋንም ይሠሩበታል፣ ስኳርና ልብ ገና እየተመረመረ ነው፣ በቆርቆሮ ግን አይሸጥም። “ሽማግሌው ደግሞ ሐኪም ሆኑ!” አለ ሻጩ። እስኪሄድ ድረስ ከፊቱ አልተነቃነቅሁም።

ባለፈው ጁምዓ ለፋጡማ የምስጋና ዱዓ፣ ወዳጃ ተቀመጥን። ጎረቤቱ እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። ሰይድ ሚስቱንና አማቱን ይዞ መጣ። አማቱ አቶ ሙሄ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሩ ላይ እጄን ጨብጠው፣ “እርስዎ የማን ነዎት?” አሉኝ። የሰይድ አባት ነኝ አልኩ። እጄን ሳይለቁ ቀሩ። ሰይድ አንገቱን ደፋ። “ሞተዋል ብሎን እኮ ነው! በየሶላቱ አላህ ይማራቸው ስልዎት የኖርኩት!” አሉ።

ዘይነባ፣ ያን ጊዜ ሁሉም የእኔን አፍ ያይ ነበር። ሰይድ ላይ መናገር የሚገባው ሰው ካለ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። “ሟቹ እኔ ነኝ፤ ሟቹ ካልከሰሰ ሌላው ምን ቤት ነው? ዱዓውም አይጠፋም፣ ለኋላ ያስቀምጡልኝ፤ አሁን ግን ይግቡ፣ ምግቡ በረደ” አልኳቸው። አቶ ሙሄ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ፋጡማ የሁሉንም ድምፅ የዋጠ እልልታ አቀለጠችው። ሰይድ ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ ወገብህን ተጠንቀቅ አልኩት።

ከጓሮው ብርቱካኖች ግማሾቹ በበሽታ ደርቀው ማንጎ ተክቻለሁ። አንቺ ላስቲኩን የያዝሽላት ግን አለች፣ ዘንድሮም አፍርታለች። እስካለሁ ድረስ የመጀመሪያውን ፍሬ በስምሽ ለጎረቤት እሰጣለሁ፤ ስሄድ ፋጡማና ሰይድ ይሰጣሉ፣ አዝዣቸዋለሁ።

ሰይድ ያደረገኝን ለአንቺ ነገርኩሽ። ከዛሬ ወዲያ አላነሳውም፤ ለሰውም፣ ለእሱም፣ ለአንቺም። ሰው ስንት ልጅ አለህ ያለኝ እንደሆነ ሁለት ነው መልሴ።