ናሆም ወደ እናቱ ጡት እንዲመለስ

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በቅርቡ ለታደሰው ቢሮዎ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። እኔ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር የምኖር ጡረተኛ የሳይንስ መምህርት ነኝ። በአካል ላገኝዎት ደጋግሜ መጥቼ ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለተነገረኝ፣ ሥራዎን ላለማቋረጥ ስል በጋዜጣ መጻፍን መርጫለሁ።

ጉዳዬ ጤናዬ የምትባለውን የግቢያችንን ልጅ ይመለከታል። ጭድ ተራ ገበያ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ፣ የመጀመሪያ ልጇን ናሆምን የወለደች ወጣት ናት። ከወለደች በኋላ በደሟ ውስጥ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት ቫይረስ ተገኘ። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ በእርግዝናዋ ወራት ቀጠሮ ሳታጓድል ስትመላለስ ይህን ምርመራ ስላላደረጋችሁላት አመሰግናለሁ፤ ሳይጨነቁ መውለድም አንድ ጸጋ ነው።

ሁለተኛ፣ የሦስት ወሩን ሕፃን በፈጣን መመርመሪያ አይተው "ልጁንም ይዞታል፣ ጡት ይቁም" ብለው ስለወሰኑ፣ ለፍጥነትዎ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ ነው። ጤናዬን ይዤ የሄድኩባቸው የጉበት ሐኪም እንደ እርስዎ ፈጣን አይደሉም። መመርመሪያው የሚያሳየው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት እሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል እንደሆነ፣ ይህም ከእናት ወደ ልጅ አልፎ እስከ ዓመት ተኩል ሊቆይ እንደሚችል፣ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራ እንዳለ፣ እንዲህ ካሉ እናቶች ከሚወለዱ መቶ ልጆች ቫይረሱ የሚይዘው ስድስት ያህሉን እንደሆነ፣ ጡቷ ቆስሎ እስካልደማ ድረስም ማጥባት እንደምትችል በትዕግሥት አስረዱን። እሷም ራሷ ወደፊት በኪኒን ልትድን ትችላለች። በደንብ እንዲገባኝ ሁለቴ አስደገምኳቸው።

ሦስተኛ፣ ቃልዎ በሰፈሩ ስላለው ክብደት እንኳን ደስ አለዎት። የባለቤቷ የይመር እናት፣ እትዬ ውባንቺ፣ ውሳኔዎን እንደሰሙ ናሆምን አቅፈው መሳለሚያ ወዳለው ቤታቸው ወስደውታል፤ በጣሳ ወተት ያሳድጉታል። ክፉ ሴት አይደሉም። የሐኪሙን ወረቀት ባነብላቸው፣ "የኔ እመቤት፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ። ያንን ሐኪም ደግሞ አላውቀውም። አታጥባው ያሉት የኛው ናቸው፤ እሳቸው ታጥባው ይበሉኝና ዛሬውኑ ይዤው እመጣለሁ" አሉኝ። ይመርም በሚስቱና በእናቱ መካከል ቆሞ፣ "እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ?" ይለኛል።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ጋዋንዎን ለብሰው መሳለሚያ ድረስ ይምጡና ለእትዬ ውባንቺ "ተሳስቻለሁ" ይበሉልን። ሰሌዳ ላይ የተሳሳተውን በዳስተር ማጥፋት ለለመድን ሰዎች ይህ ቀላል ይመስለናል፤ ለእርስዎ ከባድ ከሆነ ግን አብሬዎት እሄዳለሁ።

መንገዱን ለማሳየት ዘወትር ዝግጁ ከሆነችው፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሸዋርካብሽ ገብረ ማርያም

ማስታወሻ፦ ማስተባበያ በጽሑፍ ለመስጠት ካሰቡ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ዓመት ሙሉ ልንጻጻፍ እንችላለን። ጤናዬ ጡቷ እንዳይደርቅ ጠዋት ማታ እያለበች የምትደፋው ወተት ግን ከሰሞኑ ኩባያ መሙላት አቁሟል።