ያልተቆረጠው ሞላ

ሞጣ፣ ጥር 9

ዛሬ ኮርቻለሁ፤ እዚህ ብቻ ልጻፈው። አንድ መምህር ትንሿን መኪናውን ዝቅ አድርጌ ትልልቅ ጎማ እንድገጥምለት ከብቸና ይዟት መጣ። የጋራዥ ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ አያሌው፣ “መኪናዋን የተሸከመውን ሞላ ቆርጠሽ ዝቅ አድርጊለት፤ ሁልጊዜ የምናደርገው ነው” አሉኝ። እምቢ ብያቸው አላውቅም ነበር።

“ጋሽዬ፣ የተቆረጠ ሞላ ጉድጓድ ሲያገኘው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። መምህሩ ቀድሞ ስለ ደወለልኝ ለዚችው መኪና የተሠራ አጭር ሞላ አስመጥቻለሁ” አልኋቸው። መቁረጫውን ወደ ቦታው መለሱት።

አጭሩን ሞላና አዲሱን ጎማ ገጠምሁ። አራት ሰው አስቀምጬ መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞረው የፊቱ ጎማ ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ፋቀው። የመምህሩ ፊት ጠቆረ፤ እኔም ደነገጥሁ። የጎማውን ክፍተት ለክቼ ጠበብ ባለ ጎማ ቀይሬ እንደገና ሳዞረው አልነካም። ከዚያ በግንደወይን መንገድ ይዘናት ወጣን። ጋሽ አያሌው ከኋላ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ጎማው እንደጣሉ ደርሰን ተመለስን። አንዲት የመፋቅ ድምፅ አልተሰማም።

ጋራዡ ስንደርስ ተንበርክከው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጣታቸውን ሰደዱ።

“ክፍተቱን እንዴት ነው የለካሽው? እስቲ አሳዪኝ” አሉኝ።

ስንት ዓመት እኔ ነበርሁ እንዲህ እያልሁ የምጠይቃቸው። አጠገባቸው ተንበርክኬ አሳየኋቸው።