በፊትዎ ላይ የወጣው ነጭ መስመር

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ ዝናቡ ሲመጣ እንደ ልማዱ ያስቸግርዎታል? እማዬስ ደህና ነች? ፍየሎቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ብቻ ሳልሆን ዛሬ እግሬ መሬት አልነካ ብሏል። ሰላምታዬን ባሳጥር ይቅር ይበሉኝ፣ ወሬው አፌ ላይ ደርሶ እየተናነቀኝ ነው።

ሙንያዎ የሚባለውን ልጅ ያስታውሱታል? በዎቴ ከተማ መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሂሳብ ይሰበስብልዎት የነበረው ረዳትዎ። አሁን እሱም ሰው የሚጭንበት የራሱ ሚኒባስ፣ የራሱ ማታቱ አለው። ከጣሪያ እስከ ጎማ በታተመ ስቲከር እንድናለብስለት እኛ ሱቅ አመጣው። አለቃዬ ጊታሁ "ከኋላው የማን ፎቶ ይሁን? ኳስ ተጫዋች? ዘፋኝ?" ቢለው፣ "መንገድ ያስተማረኝ ሰው እያለ የምን ዘፋኝ!" ብሎ የእርስዎን ስም ጠራ። አባባ፣ የእርስዎን! እኔ እዚያው ቆሜ! ጊታሁም "እንግዲያው ልጃቸው ራሷ ትሥራው" አለ። እስከ ዛሬ የሌላ ሰው ሥራ ስቆርጥና ስለጥፍ ነው የኖርኩት፤ የእኔ የምለው መኪና ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። ቅዳሜ ይመረቃል።

ግን ምን ያደርጋል! ማተሚያው ፎቶዎን ሲያወጣ ግንባርዎ ላይ፣ አገጭዎ ላይ ነጭ ነጭ መስመር። ቀለም የሚረጭበትን አፍ አጠብኩ፣ ቀለሙን ቀየርኩ፣ ሌላ ጥቅል ስቲከር አስገባሁ። ያው ነው። አንዴ ጥርት አድርጎ ያወጣል፣ አንዴ ያዥጎረጉረዋል። ጊታሁ "አባትሽን የሜዳ አህያ አደረግሻቸው" ብሎ ሳቀብኝ። ሙንያዎ ግን አልሳቀም። "እሳቸውን ሰነጣጥቄ ከተማ ለከተማ አላዞርም፤ እስከ ነገ ካልጠራ ዘፋኝ ለጥፉበት" ብሎ ወጣ። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።

ያኔ ነው የእርስዎ ነገር ትዝ ያለኝ። አውቶቡሱ ያልተለመደ ድምፅ ሲያሰማ፣ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ተሳፋሪውን ሁሉ ዝም ያሰኙ ነበር፤ የሚያለቅስ ሕፃን ሳይቀር። "መጀመሪያ ዝም በሉ፣ መኪናው ይናገር!" እኔም እጄን ማተሚያው ላይ ጭኜ ዝም አልኩ። ዱም! ዱም! ለካ ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤታችን የሙዚቃ ዕቃ ገጣሚው ኦጎላ ለዚያው ለሙንያዎ መኪና የሚገጥማቸውን ድምፅ ማጉያዎች እየሞከረ ነው! ከመልመዴ ብዛት መስማቱን ትቼው ኖሯል። እሱ ሲያስጮህ ማተሚያው ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩ ይወጣል፤ እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ይጠራል።

ሮጬ ሄጄ "ኦጎላ፣ በናትህ አጥፋው፣ አባቴን እየሰነጠቅክብኝ ነው!" ብለው፣ "አንቺ ልጅ፣ ቀለም አሽትተሽ አበድሽ እንዴ?" አለኝ። ጎትቼ አምጥቼ አሳየሁትና አጠፋው። አባባ፣ ወጡ! ሽበትዎ፣ ያቺ የአገጭዎ ጠባሳ እንኳ ሳትቀር! ሙንያዎ መጥቶ ሲያይዎ ቆቡን አወለቀ።

ጯሂ መኪና እንደማይወዱ አውቃለሁ። "የሚሄድ ጭፈራ ቤት" እያሉ ሲያሙት ስንቴ ሰምቻለሁ! ቢሆንም ዓርብ ሙንያዎ ራሱ እየነዳ ሊወስድዎ ይመጣል፤ "እሳቸው ከፊት ካልተቀመጡ ምረቃ የሚባል ነገር የለም" ብሏል። እኔም አብሬው ነኝ። እንቢ እንዳይሉን፣ አደራ።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ያንን ቡናማ ኮትዎን ታውጣልዎት። ወንድሜን ክያሎን ብስክሌቴን ሰብሮ ከሆነ ከአሁኑ መደበቂያ ይፈልግ በሉልኝ። አክስቴን ሲዮምቧን፣ ጸሎትሽ ደርሷል በሏት።

ዓርብ መንገድ ዳር ሲቀመጡ ግን በጩኸቱ አውቀዋለሁ ብለው እንዳይጠብቁ። ከሙንያዎ ቃል ተቀብያለሁ፤ የቤታችን ዳገት ሥር ስንደርስ ድምፅ ማጉያው ሁሉ ይጠፋል። ዝም ብለን እንመጣለን፤ እርስዎ ሞተሩን ይስሙት።

ልጅዎ ንዲንዳ
ናይሮቢ፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 12 ቀን 2019