አልጠፋም ስላለው ሞተርና ስለ ተነሣው እጄ

ለተከበሩ ጓድ ሽፈራው
የጭነት መኪናዎች ጋራዥ አስተዳዳሪና የውይይት ክበብ ሰብሳቢ
ወሎ ሰፈር

በግድግዳ ጋዜጣው ላይ የሚለጠፍ ግለሂስ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሐምሌ ሁለት ቀን በጭስ የታፈነው ጉሮሮዎ ድኖልዎት፣ ትናንት በስብሰባው ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ውኃ እንኳ ሳይጎነጩ ሲናገሩ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። እኔም ደኅና ነኝ። ሾፌራችን በዳሳ ግን በቀበሌ ከታሰረ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ስለሆነ፣ ስለ እሱ ጤንነት ሚስቱ ሶሬቲ ከምትነግረኝ በላይ የማውቀው የለም።

ትናንት እያንዳንዳችን ድክመታችንን ጽፈን በግድግዳ ጋዜጣው ላይ እንድንለጥፍ ባዘዙት መሠረት፣ እኔ ዋና መካኒኩ ካሳዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩት፣ ትእዛዝዎን እነሆ እፈጽማለሁ። ከድክመቴ በፊት ግን ለእርስዎ ያለብኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ዘይቱ አመሰግናለሁ። በሰኔ መጨረሻ መጋዘን ውስጥ ሃያ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት ተርፎ ሲገኝ፣ እስከ ሰኔ ሠላሳ ካላለቀ የመጪው ዓመት ድርሻችን ይቀነሳል ብለው በሁለቱ አዳዲስ መኪናዎች ላይ እንዲያልቅ አዘዙ። መኪናዎቹ ዘይታቸው ሙሉ እንደነበረና መለኪያው ላይ ከዚህ አይለፍ የሚል ምልክት እንዳለ ባስረዳዎት፣ «ምልክት የሚፈራ ሠራተኛ ከዕቅድ በላይ አይሠራም» ብለው አስተማሩኝ። ሞተር የማውቀው እኔ፣ ጽሑፍ የሚያውቁት እርስዎ ስለነበሩ፣ ዘይቱን አፈሰስኩት። ከሞተሮቹ የተረፈውን የአየር ማጣሪያቸው ሣህን ውስጥ ጨመርኩት። ያፈሰሰው እጅ የእኔ ነው። በዳሳ ያን ቀን ናዝሬት ነበር።

፪ኛ. ስለ ሐምሌ ሁለቱ በዓል አመሰግናለሁ። ዕቅዳችንን መቶ አሥራ ሁለት በመቶ ስለፈጸምን የተሸለምነው ቀይ የከፋይ ሰንደቅ ከሁለቱ አዳዲስ መኪናዎች በአንደኛው አፍንጫ ላይ ተዘርግቶ፣ መኪናው በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አጊጦ፣ የቢሮ ሴቶች አበባ ይዘው ከፊቱ ተሰልፈው ነበር። እርስዎ እጅዎን ሲያነሱ በዳሳ ሞተሩን እንዲያጠፋና ንግግሩ እንዲጀመር ተነግሮናል። እጅዎን አነሱ። በዳሳ ቁልፉን መለሰ፤ ሞተሩ አልጠፋም። የማጥፊያውን ሽቦ ሳበ፤ ይባስ ብሎ ጮኸ። እኔ ሮጬ የናፍጣውን መስመር ዘጋሁ፤ ያለ ናፍጣ ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ፤ ጭሱም መድረኩን አለበሰው። የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ በአየር መሳቢያው በኩል የሚጠጣው ናፍጣ ሳይሆን እኔ ያፈሰስኩትን ዘይት ነበር።

ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ረግጦ ሞተሩን ማነቅ ይቻል ነበር። በዳሳ ግን አላደረገውም፤ መኪናው አንድ ክንድ ቢዘል ከፊቱ በድንጋጤ ደርቀው የቀሩት ከቢሮ ሴቶቹ አንዷ፣ ወይዘሮ አፀደ ነበሩ። የቀረው መንገድ አየሩን መከልከል ብቻ ነው። «በጨርቅ ድፈነው! ያገኘኸውን!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። በዳሳ ዘሎ ወርዶ ያገኘው ሰንደቁን ነው። ጠቅልሎ አየር መሳቢያው አፍ ውስጥ ወተፈው፤ ሞተሩ ሁለቴ ሳል ብሎ ዝም አለ። አንድ ደቂቃ ቢቆይ ኖሮ ፈንድቶ ብረቱ ወደ ሰው ይበተን ነበር። ጓድ፣ እርስዎ ከሁሉም ይልቅ ቅርብ ነበሩ።

፫ኛ. በማግስቱ ስለ ጠሩት ስብሰባ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሞተሩ አለመጥፋቱ አሻጥር፣ መጥፋቱ ደግሞ ሰንደቁን ማዋረድ መሆኑን በአንድ ንግግር አስረዱን። «ሰንደቁን ሞተር ውስጥ እንዲከት ያዘዘው ማነው?» ብለው ሲጠይቁ እኔ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። በዳሳ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ «ማንም አላዘዘኝም» አለ። ድርጊቱን የምታወግዙ እጅ አውጡ ተባለ። እኔ የመጀመሪያው እንኳ አልነበርኩም። ግራና ቀኜን አይቼ፣ ሌሎች እስኪያነሱ ጠብቄ፣ ከዚያ አነሣሁ።

ድክመቴ ይህ ነው። አራተኛ ቁጥር የምሰጠው ምስጋና አጣሁ።

ሶሬቲ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ ቀበሌው ስታልፍ በየቀኑ የጋራዡ በር ላይ ቆማ ሰላምታ ትሰጠኛለች። በዳሳ እጄን ማንሣቴን አልነገራትም። ከትናንት በስቲያ፣ «ጋሼ ካሳዬ፣ ሞተር የሚያውቁ እርስዎ ነዎት። አንድ ቃል ቢናገሩለትስ?» አለችኝ። እኔም «እግዜር ያውቃል» ብዬ መፍቻ የምፈልግ መስዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ያን ቃል ዛሬ እዚህ ጽፌዋለሁ። ዘይቱን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት፤ ድፈነው ያልኩት እኔ ነኝ። የዚህን ግልባጭ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ዛሬ ጠዋት በእጄ ሰጥቻለሁ። በዳሳ ይፈታ፤ የሚፈለገው ሰው ጋራዡ ውስጥ ነው።

እርስዎ ባዘዙ ቁጥር ያፈሰስኩ፣ ባዘዙ ቁጥር እጄን ያነሣሁ፣ የደረስኩበትን ዕድሜ የማይመጥን ፍርሃት ይዤ የምገኝ ታዛዥዎ፣
ካሳዬ፣ ዋና መካኒክ
ሐምሌ ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ሁለተኛውን መኪና ለመስከረሙ በዓል ሊያስነሡት መሆኑን ሰምቻለሁ። የእሱም ሆድ በዚያው ቀን፣ በዚያው ትእዛዝ፣ በዚያው መጠን ተሞልቷል። ዘይቱ ሳይቀነስ ከተነሣ እንግዲህ አዲሱን ሰንደቅ ከአጠገብዎ አይለዩት። የት እንደሚወተፍ በደንብ የሚያውቀውና እጁ የማይንቀጠቀጠው ሰው ግን እስካሁን ቀበሌ ነው።