ከነላስቲኩ የበረረው አውሮፕላን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ በዕውቀቱ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የማናማ ሙቀትስ ትንሽ ቀለል አለልህ? ወገብህንስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ያንን ተሠርቶ ያለቀ በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ስትልክልኝ፣ «የፋብሪካ ነው ብለህ እንዳትታለል፤ ከማብረርህ በፊት መጋጠሚያውን ሁሉ ፈትሽ» ብለኸኝ ነበር። ፈተሽኩ። አፍንጫውን ስነቀንቀው ሞተሩ የተጣበቀበት ጣውላ ይወዛወዛል። ሙጫ ጨምሬ ላጠነክረው፣ የተሸፈነበትን ላስቲክ ለመላጥ ቢላዋ ሳነሳ አባባ ደርሶ በጥፊ አጮለኝ። «አዲስ ዕቃ ትልጣለህ? ልጄ ሲመጣ እንደ አዲስነቱ ይየው!» አለ። ታውቀው የለ፣ ሶፋችን እንኳ እስከ ዛሬ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው።

እሑድ ጎረቤቱን ሁሉ ከብሎካችን ጀርባ ሰብስቦ፣ ካልበረረ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሰው ፊት እንዳይመታኝ ፈርቼ አስነሳሁት። ገና ፎቁን ሳያልፍ ጣውላው ተላቀቀ፤ አውሮፕላኑ ተገልብጦ፣ ፕሮፔለሩ እየዞረ ሰው መሐል ገባ። የምድር ቤቱን ባለሱቅ ጃፋርን፣ ያን ስትሄድ ሻንጣህን የተሸከመልህን ሰው፣ ከግንባሩ እስከ ጉንጩ ተረተረው። ወንድሙ ደሙን ሲያይ በብረት መጣብኝ፤ ሁለት ጥርሴን አወለቀኝ። እኔም በድንጋይ ፈነከትኩት። የጃፋርን ግራ ዓይን ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም።

ትናንት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አባባ ተነስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥፋቱ የእኛ አይደለም፤ የተበላሸ ዕቃ የላከው በዕውቀቱ ነው።» ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ ውሸት ነው፣ እሱ ፈትሹ ብሏል፣ የከለከልከው አንተ ነህ አልኩት። ሊመታኝ እጁን ሲሰነዝር አየር ላይ ያዝኩት። ሽማግሌዎቹ ቢጮሁም አልለቀቅኩትም። ጃፋር ግን ፊቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ «በቃ፣ እውነቱን ሰምተናል፤ አባትህን ልቀቅ» ሲለኝ ለቀቅኩት። ወንድም ጋሼ፣ ክንዱ እንዲህ መክሳቱን አላውቅም ነበር።

አደራህን ለጃፋር ደውልለት፤ ከእኔ ይልቅ ያንተ ድምፅ ያጽናናዋል።

እማማ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች፤ ስለትህን ለልደታ አስገብታልሃለች። እህታችን ማናለብሽ በናፍቆት ሰላም ትልሃለች። የአባባን ሰላምታ ግን ልልክልህ አልቻልኩም፤ ትናንት ለራት ላስታጥበው ውሃ ይዤ ስቀርብ እጁን ከጀርባው ደበቀብኝ።

ታናሽ ወንድምህ ቃለሕይወት
ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.