የፎቶግራፉ ጀርባ

ጥር 8፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

የሐውልቱን ጽሑፍ አርሜ መለስኩ። ሦስተኛ ጊዜ። የሰበታ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ አቶ ተሾመ «ጄኔራል ጉደታ በጦር ሜዳ ወደቁ» ብለው ጽፈዋል። ጄኔራል የተባሉት ከሞቱ በኋላ ነው፤ እኔ ሳውቃቸው ፊታውራሪ ነበሩ። ይህን አለፍኩት። «በጦር ሜዳ» የሚለውን ግን ሰረዝኩ። የተያዙት ፉሪ ኬላ ላይ ነው፣ ቅቤ ነጋዴ መስለው ሲያልፉ። ጣሊያን በማግሥቱ ሰቀላቸው። አቶ ተሾመ እንዲህ ያለው ለሕዝብ አይጻፍም አሉኝ።

ሐውልቱ በጭቃ ተሠርቷል። ካባው፣ ጠመንጃው፣ ጫማው አልቋል። ፊት ብቻ የለውም። ቀራጩ ፎቶግራፍ ይፈልጋል፤ በከተማው ሁሉ ተጠይቆ ጠፋ። አብረዋቸው ጫካ የነበሩት ኦቦ ቱሉ መልካቸውን ሊያስረዱ ተጠሩ።

«አፍንጫው ትልቅ ነው። ጠላት ገና ፉሪ ሳለ ሰበታ ሆኖ ያሸተው ነበር!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደብተሬ፣ እኔ እንዴት ሳቅሁ?

ጥር 10፣ ሐሙስ

ሳጥኑን ከፈትኩ። አለ። ፎቶግራፋቸው፣ በሻሽ እንደ ጠቀለልኩት። አልደበዘዘም።

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ፊ/ራሪ ጉደታ ጫካ ሲገቡ ልጃቸውን ጽጌን ፊደል አስቆጥር ነበር። እናቷ ሞታለች። ሁለት ፎቶግራፍ ሰጡኝ፤ አንድ ዓይነት። በአንዱ ጀርባ «ለጽጌ» ብቻ። በእኔው ጀርባ፣ በእርሳስ፦ «አስካለ፣ ይህ ያንቺ ነው። ሌላውን ለጽጌ አስቀምጪላት፤ ስታድግ ትወቀኝ።»

ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ሹም ቤቴ መጣ። አልጮኸም። አልመታኝም። በአስተርጓሚ፣ የጉደታ ምስል አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለምን እንደፈለገው አውቅ ነበር። በሚሲዮን ት/ቤት ለአንዲት ውሸት መዳፌን በማስመሪያ ተመትቼ ነው ያደግሁት። አለኝ አልኩ።

አስተማሪዎቼን ተጠያቂ አደርግ ነበር፣ ነገሩ እዚያ ቢያበቃ። አላበቃም። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ነበሩ፤ ሹሙ ይህን አያውቅም። የቱን ልስጥ ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። የልጅቷን ሰጠሁ። የራሴን አስቀረሁ።

ኦቦ ቱሉ ኬላው ላይ የሆነውን በየዓመቱ ያወራሉ፦ ወታደሩ አንዴ በእጁ የያዘውን ያያል፣ አንዴ ፊታቸውን። በእጁ ምን እንደያዘ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ጥር 15፣ ማክሰኞ

ፎቶግራፉን ለአቶ ተሾመ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ግን የዱቄት ሙጫ አበጀሁ፤ ቡናማ ወረቀት ለካሁ፤ ጀርባው ላይ፣ ጽሑፉን ሸፍኜ፣ ለጠፍኩ። ጠርዙ እኩል እስኪሆን ሁለቴ ቆረጥኩት። ሥራዬ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

ከየት አገኙት አሉኝ። ከአሮጌ መጽሐፍ መካከል አልኩ። ሳልንተባተብ። ውሸት እንዲህ ቀላል ከሆነ ያን ቀን የት ሄዶ ነበር?

ጥር 19፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ፊቱ አለቀ። እሳቸው ናቸው። ቅንድባቸው እንኳ። ነጠላዬን ተከናነብኩ፤ ብርድ ነው አልኩ። በጥር፣ በጠራራ ፀሐይ።

ኦቦ ቱሉ አካፋ ተደግፈው ትክ ብለው አዩ። «ያ ረቢ! አፍንጫውን ቀነሳችሁበት!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወደ ግንቡ ዞሩ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

ጽጌ ከዓለም ገና መጣች። እዚያ አክስቷ አሳድጋት፣ እዚያው አግብታ ሦስት ወልዳለች። የጭቃውን ግንባር በጣቷ ነካች። ቀጥላ የራሷን።

«ለካ የሳቸው ነው! አክስቴ የዝንጀሮ ግንባር ስትለኝ የኖረችው!»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። «እትዬ አስካለ፣ አባቴን ሰጡኝ» አለች። ቃል በቃል። እኔም፣ ተነሺ፣ ቀሚስሽ ጭቃ ይነካዋል አልኳት።

አቶ ተሾመ በምረቃው ቀን መጋረጃውን የምገልጠው እኔ እንድሆን ተወስኗል አሉ። ተጨበጨበ። ፎቶግራፉን ለጽጌ ሰጧት። ደረቷ ላይ ለጥፋው ሄደች። የለጠፍኩት ወረቀት ወደ ውጭ ዞሮ፣ እኔን እያየ።

ጥር 20፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ቅዳሴ ቆምኩ፤ አንድም ቃል አልሰማሁ። ደረቷ ላይ ያ ቡናማ ወረቀት ብቻ ይታየኛል።

ለቄሱ መናዘዝ አስቤ ነበር። ቀላሉ እሱ ነው፤ ስለዚህ ተውኩት። የበደልኩት ቄሱን አይደለም።

ለአቶ ተሾመ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። መጋረጃውን አልገልጥም። ምክንያቱን ጽጌ ከሰማች በኋላ፣ ከፈቀደች፣ ለሁሉም እናገራለሁ።

ነገ አስተርዮ ማርያም ነው፤ ጽጌ ከቤት አትወጣም። በመጀመሪያው አውቶቡስ ዓለም ገና እወርዳለሁ። ንጹሕ ጨርቅ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። የዱቄት ሙጫ በውኃ ይለቃል። እርሳስ አይለቅም።

ጨርቁን አርጥቤ እሰጣታለሁ። ወረቀቱን ራሷ ትላጠው፣ ጽሑፉን ራሷ ታንብበው። ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንብባ ስትጨርስ ቀና ትልና፣ የኔስ የት አለ? ትለኛለች።

እነግራታለሁ።